የወይራው እናት የት ናት?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ቤተ ክርስቲያን ደኖቻችን ሲወራ ነገሩ ሁሌ ሁለት ነገር ላይ ይቆማል፦ አጥር ይታጠር፣ ችግኝ ይተከል። ሁለቱም ይሁን። ከብት የሚገባበት ደን ቡቃያ አያሳድግም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ብቻ ከ1,000 በላይ የቤተ ክርስቲያን ደን አለ፤ አብዛኛው ታዲያ እርሻ የከበበው ቁራጭ ነው። ዘር ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው ይደርሳል ወይስ እያንዳንዱ ደን ለብቻው ቀርቷል? ዘሩን የምትወስደውን ወፍ እስከ መጨረሻው ተከትሎ የሚያይ ሰው የለም።

በዘረመል ምርመራ፣ ማለትም ከእናትና ከአባት የሚወረሰውን ዲኤንኤ በማየት ግን ይታወቃል። ወይራን እንውሰድ። ወፍ ፍሬውን ትበላና ዘሩን ሌላ ቦታ ትጥለዋለች። የዘሩ ጠንካራ ቅርፊት ሙሉ በሙሉ የእናቱ አካል ነው፣ ከአባት የመጣ ነገር የለበትም። ስለዚህ ከቅርፊቱ ዲኤንኤ አውጥቶ በአካባቢው ካሉት ዛፎች ቅጠል ጋር ማመሳከር ነው። ከገጠመ እናቲቱ ታወቀች፣ ዘሩ የተጓዘው ርቀትም በሜትር ይለካል። የግቢው ዛፎች ሁሉ ተመርምረው ከአንዳቸውም ካልገጠመ ዘሩ ከውጭ መጥቷል ማለት ነው። ውስጡ ያለው ፅንስ ደግሞ ግማሹ የአባት ነው፤ የወይራ አበባ ብናኝ በነፋስ ስለሚሄድ አባትየው ሩቅ ሊሆን ይችላል። ከአንድ ፍሬ ሁለት ጉዞ ይነበባል! ይህ ምኞት አይደለም፤ እናትን ከቅርፊቱ የመለየቱ ሥራ ስፔን ውስጥ በአንድ የዱር ቼሪ ዝርያ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2001 ታትሟል።

አደራ የምለው ግን ትልልቆቹን ዛፎች ብቻ መርምሮ “ደህና ናቸው” ማለት እንዳይመጣ ነው። እነሱ የበቀሉት ዙሪያው ገና ደን ሳለ ሊሆን ይችላል፤ የተሸከሙትም የዚያን ዘመን ዘረመል ነው። የዛሬውን የሚነግሩን ቡቃያዎቹ ናቸው። ቡቃያው ሁሉ የሁለት ሦስት ዛፍ ልጅ ሆኖ ከተገኘ አጥሩ የቱንም ያህል ቢጠነክር ደኑ ውስጥ ውስጡን በዘረመል ስብጥር እየደኸየ ነው።

የጎንደርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ለማስተርስ ተማሪዎቻቸው የጥናት ርዕስ አድርገው ቢሰጡልን ደስ ይለኛል። ቅጠል ለቅሞ እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ጄል ማድረቁን ትንሽ ካሳዩት የአብነት ተማሪም ይሠራዋል። እስከዚያው ችግኝ የምታፈሉ ሰዎች፣ እባካችሁ ለመልቀም የሚመቸው አንድ ዛፍ ሥር ብቻ አትቁሙ። ከብዙ ዛፍ፣ ከአጎራባች ደብሮችም ጭምር ልቀሙ።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር