ሃምሳ አንደኛውን የማናትምበት ምክንያት

ውድ ደንበኞቻችን፣

የሰዓሊዎችን ሥዕል በወረቀት ላይ በተወሰነ ቁጥር እያተምን የምንሸጥ ነን፤ ቱሉ ዲምቱ ድረስ መጥታችሁ ስለምትገዙን እናመሰግናለን። ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ አንድ ነገር ትጠይቁናላችሁ፦ «የዚያ ሥዕል ህትመት አልቋል አላችሁን። ፋይሉ እጃችሁ ላይ ነው፣ ማሽኑም አለ። አንድ ብታትሙልን ምናለበት?»

እውነት ነው፣ ሃምሳ አንደኛውን ለማውጣት ወረቀትና ቀለም ብቻ ይበቃል። ግን ከሰዓሊው ጋር የተዋዋልነው 50 ቅጂ ለመሸጥ ነው። ኦሪጂናሉን፣ ሰዓሊው በእጁ የሣለውን ሸራ፣ የገዛው ሰውም ይህን ቁጥር አውቆ ነው ገንዘቡን ያወጣው። ዛሬ ለአንድ ሰው ብለን ከጨመርን ነገ ማን ያምነናል?

ህትመቱ ግርጌ ላይ በእርሳስ ከሰዓሊው ፊርማ ጋር 12/50 የሚል ታያላችሁ። ከሃምሳው አሥራ ሁለተኛው ማለት ነው። ቁጥር 1 ካልሆነ አልገዛም የሚለንም አለ፤ ሁሉም የሚወጡት ከአንድ ፋይል ስለሆነ የጥራት ልዩነት የላቸውም። ከሃምሳው ውጭ ለሰዓሊው የሚቀሩ 5 ቅጂዎች አሉ። እነሱም «የሰዓሊው ቅጂ» ተብሎ ይጻፍባቸዋል፣ ውሉ ላይም ከመጀመሪያው ይገባሉ። ፊርማው በእጅ የተጻፈ መሆኑን ለማጣራት ወረቀቱን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጉት። እርሳስ ያብረቀርቃል፣ ጫን ያለበትም ቦታ ይሰረጉዳል።

ህትመቱ ከኦሪጂናሉ ጋር እንዳይምታታ የምናደርገውም አውቀን ነው። ሸራ ላይ አትሞ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ፣ የብሩሽ ጉብታ የመሰለ ነገር መጨመር ይቻላል። እኛ አናደርገውም። ዕቃው ሁለት ሦስት እጅ ከተላለፈ በኋላ አንዱ ኦሪጂናል ነው ብሎ ይሸጠዋል።

ሰዓሊዎቹ ህትመት የሚፈልጉት ለምን መሰላችሁ? የቤት ኪራይ ሲደርስ ብዙ ወር የለፉበትን ሸራ በርካሽ እንዳይጥሉት ነው። ህትመቱ የወሩን ወጪ ከሸፈነ ሸራው ዋጋውን የሚያውቅ ገዢ እስኪመጣ ይጠብቃል።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ የገዛችሁትን ሥዕል ፎቶ አንስታችሁ «ለሠርግ ስጦታ አሥር አትሙልን» ትሉናላችሁ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሸራውን መግዛት የማባዛት መብት አይሰጥም። መብቱ የሰዓሊው ነው፤ ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይቆያል። የጽሑፍ ፈቃዱን ይዛችሁ ኑ፣ በደስታ እናትማለን።

«ይህ ህትመት ውሎ አድሮ ዋጋ ያወጣል ወይ?» ለምትሉን፣ ያወጣል ብለን አንሸጥላችሁም። የኮንዶሚኒየም ግድግዳችሁ ላይ ማየት የምትወዱት ከሆነ ግዙት። ቁጥርም ፊርማም የሌላቸው ትናንሽ ህትመቶችም አሉን፤ ዋጋቸው ቀላል ነው፣ ስንት እንደሚታተሙም አልተገደበም። የትኛውንም ብትገዙ ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፣ ቀለሙ ይለቃል።

ህትመቱ ያለቀ ሥዕል የምትፈልጉ ስልካችሁን ተዉልን። የገዛ ሰው ልሽጥ ሲለን እንደውላለን።

ከሰላምታ ጋር፣
የህትመት ቤቱ ባልደረቦች