«በር» የምትለዋ ቃል ከካርዱ አትጉደል
ግልጽ ደብዳቤ ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ

ጉዳዩ፦ የማህጸን በር ካንሰር በካርድ ላይ የሚጻፍበትና ኮድ የሚሰጥበት አሠራር እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

በአማርኛ «የማህጸን ካንሰር» ሲባል ሰሚው የበሩንም የውስጡንም ይረዳል። አይሲዲ-10 (የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ኮድ ዝርዝር) ግን ይለያቸዋል፤ የማህጸን በር ሲ53፣ የማህጸን አካል ሲ54። ዝም ብሎ «ማህጸን» ከተጻፈ ሲ55 ይሆናል፤ ቦታው አልተለየም ማለት ነው። «በር» ስትጎድል ሕመምተኛዋ ከማህጸን በር ካንሰር ቁጥር ትወጣለች። ኮድ ሰጪው የተጻፈውን እንጂ የታሰበውን መመዝገብ አይችልም።

የጥያቄ ምልክቱ ይብሳል። ሐኪም ናሙና ወስዶ «የማህጸን በር ካንሰር?» ብሎ ይጽፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ደንብ ደግሞ ሕክምናው አብቅቶ ሌላ ማብራሪያ ካልተገኘ፣ የተጠረጠረው እንደተረጋገጠ ተቆጥሮ ኮድ ይሰጠው ይላል። ስለዚህ የፓቶሎጂ (የናሙናው ምርመራ) ውጤቱ ዘግይቶ «ሲአይኤን 3» (ካንሰር ከመሆኑ በፊት ያለ ከባድ የሕዋስ ለውጥ) ብሎ ቢመጣም፣ ካርዱን መልሶ የሚያወጣ ከሌለ ሴትየዋ በሲ53 ተመዝግባ ትቀራለች። ሲአይኤን 3 ወደ ሥር ያልዘለቀ ነው፤ ኮዱ ዲ06 ነው። ሲአይኤን 1 ኤን87.0፣ ሲአይኤን 2 ኤን87.1 ናቸው። የማህጸን በር አሴቲክ አሲድ ተቀብቶ በዓይን ታይቶ «ፖዘቲቭ» መባልም ብቻውን ካንሰር አይደለም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ውጤቱ ከካርዱ ጋር ለሐኪሙ ይቅረብ፤ እሱም የመጨረሻውን ምርመራ፣ የካንሰሩን ዓይነት (ስኳመስ ነው ወይስ አዴኖካርሲኖማ)፣ የፓቶሎጂ ቁጥሩንና ቀኑን ጽፎ ይፈርም፤ ኮዱም ያኔ ይታረም። ቅጹ ላይ «በር» እና «አካል» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ቢታተሙ የመጀመሪያው ችግር በብዛት ይቃለላል።

የካንሰሩ ደረጃ (ምን ያህል እንደተስፋፋ) በሲ53 ውስጥ ስለማይታይ ለብቻው ይጻፍ፤ የትኛው ዓመት የፊጎ (የዓለም አቀፉ የማህጸንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን) ምደባ እንደሆነም ይጠቀስ። 3 ሴንቲሜትር የሆነ፣ በበሩ ላይ የተወሰነ ዕጢ በ2009ኙ ምደባ 1ቢ1 ነበር፤ በ2018ቱ 1ቢ2 ነው (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ.)። የምደባው ዓመት ካልተጻፈ የድሮውን ካርድ ከዘንድሮው ጋር ማወዳደር ከንቱ ነው።

አንዲት ሴት ልደታ ተመርምራ፣ ናሙናዋ ፒያሳ ታይቶ፣ ጨረር ጥቁር አንበሳ ልትወስድ ትችላለች። ሦስት ካርድ፣ ሦስት ቁጥር። ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ዕድሜ፣ ወረዳና ስልክ በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ካልሆኑ የከተማዋ የካንሰር ምዝገባ እንደ ሦስት ሰው ሊቆጥራት ይችላል።

የሞት ምስክር ወረቀት ላይ «ልብና ትንፋሽ ቆመ» መጻፍ ይቅር፤ የማንም ሞት እንደዚያ ነው። ዕጢው የሽንት ቱቦዎችን ዘግቶ ኩላሊት ከደከመ፣ ሀ) የኩላሊት መድከም፣ ለ) የሽንት ቱቦ መዘጋት፣ ሐ) የማህጸን በር ካንሰር ተብሎ ይጻፍ። ለስታትስቲክስ የሚወሰደው መነሻው ምክንያት ነው፤ እሱም ከታች ያለው ሐ ነው።

ቢሮው ይህንን በአንድ ገጽ መመሪያ አትሞ ለየካርድ ክፍሉና ለማህጸንና ጽንስ ክፍሎች እንዲያሰራጭ እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር
የሕክምና መረጃና ኮድ አሰጣጥ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ