ከሶፋው ሥር የተገኘው ደብዳቤ

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ጓደኛዬ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽና ልጅሽስ እንዴት ናቸው? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን።

ከሁለት ዓመት በላይ ድምፄን አጥፍቼ መክረሜን በምን አፌ ይቅርታ እንደምጠይቅሽ ግራ ገብቶኛል። ይሁን እንጂ የመጨረሻው ደብዳቤሽ በደረሰኝ ሳምንት መልስ ልጽፍልሽ ጀምሬ እንደነበር የሚመሰክርልኝ ወረቀት ባለፈው ቅዳሜ እጄ ገብቷል። ባለቤቴ ሶፋውን ሲስብልኝ እኔ ከሥሩ ስጠርግ አንድ ጎዶሎ ካልሲ፣ ሁለት የእርሳስ ስባሪና ጫፉ የታጠፈ ወረቀት ወጣ። በአንድ ወገኑ ለአንቺ የጻፍኩት ግማሽ ገጽ አለ፤ በሌላው ወገን ትልቁ ልጄ በአረንጓዴ ቀለም የሳለው ባለ ስድስት እግር ፍጡር ቆሟል። ያኔ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ አሁን አምስት ሞልቶት ሥዕሉን ባሳየው «እኔ አይደለሁም የሳልኩት» ብሎ ሽምጥጥ አድርጎ ካደ።

በዚያ ደብዳቤሽ «ቤቱ ከእጄ ወጣ፤ አንቺ እንዴት አድርገሽ ነው የምትይዢው?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ያቺን ግማሽ ገጽ አሁን ሳነባት አፈርኩ። ቀኑን በሰዓት በሰዓት ከፋፍዬ ፕሮግራም እንዳወጣሁ፣ በወጥ ቤቱ በር ላይ እንደለጠፍኩት፣ አንቺም እንደዚሁ ብታደርጊ እንደሚበጅሽ በሙሉ ልብ እመክርሻለሁ። ያ ፕሮግራም የቆየው ዘጠኝ ቀን ነው። ሁለተኛ ልጅ እየጠበቅሽ መሆኑን ከጋራ ወዳጃችን ስለሰማሁ፣ መልሴ ቢዘገይም ጊዜው ጨርሶ አላለፈበትም ብዬ እውነተኛውን ልጽፍልሽ ተነሣሁ።

ፕሮግራሙን ያፈረሰው ስንፍና አልነበረም። ሕፃን ልጅ በሰባት ሰዓት ይተኛል ተብሎ የታቀደ ቀን፣ ሕፃኗ እስከ ስምንት ተኩል ዓይኗን አፍጥጣ ስታየኝ፣ ከዚያ በታች የተጻፈው ሁሉ አብሮ ይናዳል፤ እኔም በተናደው ላይ ተቀምጬ ራሴን እወቅሳለሁ። አሁን ሰዓቱን ትቼ ቅደም ተከተሉን ብቻ እጠብቃለሁ። ማታ ገላ ይታጠባሉ፣ ፒጃማ ይለብሳሉ፣ ጥርሳቸውን ይቦርሻሉ፣ ተረት ይነበብላቸዋል፣ መብራት ይጠፋል። በግማሽ ሰዓት ብንዘገይ ሁሉም በግማሽ ሰዓት ይገፋል እንጂ የሚፈርስ ነገር የለም። ሰዓት ማንበብ የማይችል ልጅ ምን ከምን ቀጥሎ እንደሚመጣ ከእኔ አብልጦ ያውቃል፤ አንድ ምሽት ደክሞኝ ተረቱን ዘልዬ መብራቱን ባጠፋ፣ የሁለት ዓመቷ ልጄ ከአልጋዋ ወርዳ፣ ወንበር ጎትታ፣ መልሳ አበራችብኝ። ሰዓት የምቆጥረው ለእንቅልፍ ብቻ ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14፣ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያለ ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት ስላለበት፣ ጠዋት ከምንነሣበት ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ገላቸውን መቼ ማጠብ እንዳለብኝ አውቃለሁ።

አስተሳሰቤን የለወጠው ግን አንድ ሌሊት ነው። ትልቁ ልጅ ትኩሳት ይዞት ከእንቅልፉ ነቃ። ቤቱ በዚያን ቀን እንደ መስተዋት ጸድቶ ነበር፤ እንግዳ መጥቶ ስለነበር መሬት ላይ የነበረውን ሁሉ በየመሳቢያው ጠቅጥቄ ነበር የተኛሁት። ቴርሞሜትሩን ፍለጋ ሕፃኗን በአንድ እጄ ታቅፌ፣ በሌላው መሳቢያ እየገለበጥኩ፣ ባለቤቴም መጋረጃውን ሳይቀር እየገለጠ፣ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ተንከራተትን። በመጨረሻ የተገኘው በልጁ የዝናብ ቦት ውስጥ ነበር። ማን እንደከተተው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ እኔ ግን ራሴን እጠረጥራለሁ። የጸዳ ቤትና የተደራጀ ቤት አንድ እንዳልሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤቴን የምመዝነው በሌሊት፣ በአንድ እጅ፣ መብራት ሳላበራ የምፈልገውን ማግኘት በመቻሌ ነው።

ስለዚህ ፍለጋ የማይፈቀድላቸው ጥቂት ዕቃዎች አሉ፤ እነርሱም መድኃኒት፣ ቴርሞሜትር፣ የክትባት ካርድና የቤት ቁልፍ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በአንድ ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ ሆነው ከቁም ሣጥኑ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። የሽሮፕ ጠርሙስ ስከፍት የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ እጽፍበታለሁ፤ በውኃ የሚበጠበጥ የልጆች አንቲባዮቲክ ከተበጠበጠ በኋላ እንደ ዓይነቱ ብዙውን ጊዜ 7 ወይም 14 ቀን ብቻ ስለሚያገለግል፣ ባለፈው በሽታ የተረፈውን አስቀምጦ መጠበቅ ትርፉ ጉዳት ነው። የሳንቲም ቅርጽ ያላቸውን ትንንሽ ባትሪዎችም በዚያው ሣጥን ቆልፌባቸዋለሁ። ሕፃን ልጅ ውጦት የምግብ ቧንቧው ላይ ከተሰነቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። ልጅሽ ሪሞት መፍታት የጀመረበት ዕድሜ ላይ ነውና ይህን ነገር ዛሬውኑ ተመልከቺው።

መጫወቻውን በተመለከተ ደግሞ ዕቃ መቀነስን የመሰለ መድኃኒት አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ 36 ሕፃናት አንድ ጊዜ ከ4፣ ሌላ ጊዜ ከ16 መጫወቻዎች ጋር እንዲጫወቱ ተደርጎ፣ መጫወቻው አራት ብቻ ሲሆን በእያንዳንዱ ረዘም ላለ ጊዜና በልዩ ልዩ መንገድ ሲጫወቱ ታይቷል። ይህን ሳነብ የእኛን ቆጠርኩት፤ ሰባ ላይ ስደርስ ሰልችቶኝ ተውኩት። አብዛኛውን በሦስት ካርቶን ከፍዬ ከፍ ካለ ቦታ ሰቀልኩት፤ አንዱ ካርቶን ሲወርድ ሌላው ይወጣል፣ እነርሱም ለወር ያላዩትን መኪና እንደ አዲስ ይቀበሉታል። የቀረው ክዳን በሌላቸው፣ ቁመታቸው ከልጆቹ ጉልበት በማይበልጥ ቅርጫቶች ተቀምጧል፤ በእያንዳንዱ ቅርጫት ላይ የሚገባበትን ዕቃ ሥዕል ለጥፌአለሁ። «ክፍሉን አጽዱ» የሚለውን ትእዛዝ የሁለት ዓመት ልጅ አትረዳውም፤ «መኪናዎቹን ወደ ቤታቸው መልሺ» ሲባል ግን አንድ በአንድ እያወጀች ትመልሳለች። ቀርፋፋ ነው፤ በእኔ እጅ ሁለት ደቂቃ የሚፈጀው በእርሷ እጅ ሩብ ሰዓት ይወስዳል፤ እኔም ዝም ብዬ መጠበቅን በብዙ ትግል ተምሬአለሁ።

የልብስ ነገር አጭር ነው። የነገው ልብስ፣ ጫማና ቦርሳ ማታውኑ በበሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ ያጠረው ልብስ በተገኘበት ቀን ከቁም ሣጥኑ ይወጣል። የልጆች ልብስ መተኮስ ትቻለሁ።

ከዚህ ሁሉ ያስቸገረኝ ከባለቤቴ ጋር ያለው የሥራ ክፍፍል ነበር። እርሱ «ምን ላግዝሽ?» ይላል፤ እኔ ደግሞ የሚታገዘውን ሥራ ሁሉ በጭንቅላቴ ተሸክሜ ስዞር፣ ያ ጥያቄ ራሱ አንድ ተጨማሪ ሥራ ይሆንብኝ ነበር። አንድ ምሽት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቁጭ ብለን በጭንቅላቴ ያለውን ሁሉ ወረቀት ላይ ዘረገፍነው፤ ሁለት ገጽ ሞላ፤ እርሱም ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ሲያየው ቆየ። ከዚያ ወዲህ ልብስ ማጠብና የክትባት ቀጠሮ መከታተል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የእርሱ ናቸው። ፎጣዎቹን እንደ ደብዳቤ በሦስት ያጥፋቸዋል፤ ከመደርደሪያው ጋር አይመጥኑም፤ አላርምም። ካረምኩት ሥራው ወደ እኔ እንደሚመለስ አውቀዋለሁ።

ቤቱ አምሮበታል ብዬ እንዳላታልልሽ፣ ይህን የምጽፍልሽ ጠረጴዛ ሥር ከትራስና ከብርድ ልብስ የተሠራ «ዋሻ» ሦስተኛ ቀኑን ይዟል፤ እግሬንም የማስገባው በፈቃድ ነው። እስከ እሑድ እንዳይነካ ቃል ገብቻለሁ።

ያቺን ግማሽ ገጽ ከነሥዕሏ ከዚህ ጋር አያይዤልሻለሁ፤ ምክሩን እርሺው፣ ባለ ስድስት እግሩን ግን ለልጅሽ ስጪልኝ። ፖስታው ከአሁኑ ከቁልፉ ጋር በበሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ ይህ ወረቀት እንደታጠፈ እዚያ ይገባል፣ ጠዋትም አብሮኝ ይወጣል።

እስከዚያው በናፍቆት የምታስብሽ
ጓደኛሽ