አስማሚው የት ነበር?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የምኖረው ሐዋሳ፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ብዙ በማይርቅ ሰፈር ነው። ከሰርቪስ ክፍሎቼ አንዱን አራት የስፌት ሠራተኞች ተከራይተውታል፤ ሁለቱ የቀን፣ ሁለቱ የማታ ተረኞች ስለሆኑ ሁለት ፍራሽ ይበቃቸዋል። (ኪራይ ከጨመሩባቸው ሰዎች አንዱ እኔ መሆኔን አልደብቅም።)

በቅርቡ አንዷ ገና ረፋዱ ላይ ተመለሰች። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ስለጎደለባቸው የስፌት መስመሩ ሠራተኛ በሙሉ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። አለቃው «ወኪላችሁ ማን ነው?» ሲል ሁሉም አቀረቀሩ፤ የተናገረች በማግሥቱ መታወቂያዋ በር ላይ እንደሚያዝ ያውቃሉ። ቀጥለው የመጡት የጸጥታ ሰዎች ናቸው። «አድማው ሕገወጥ ነው፤ ወይ ሥሩ ወይ ውጡ» ተባሉ።

ሕገወጥ መባሉ ከነከነኝና የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አገላበጥሁ። ሥራ ማቆም ተፈቅዷል። ግን የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል፤ ከሠራተኛ ማኅበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባም በአብላጫ ድምፅ መደገፍ አለበት። ማኅበር በሌለበት ፋብሪካ ይህን ስብሰባ ማን ይጥራው? ማኅበር እንዳይቋቋም በሩን የዘጋው አሠሪ ራሱ ተመልሶ «በማኅበራችሁ በኩል አልመጣችሁም» ይላል! መንግሥትም ይህንኑ ተቀብሎ ፖሊስ ይልካል።

ሆስፒታል፣ ውኃና መብራት አይቋረጥ ቢባል ይገባኛል። ሕጉ በእነዚህ ሥራ ማቆምን ቢከለክልም ክርክሩን የሚያይ ጊዜያዊ ቦርድ አስቀምጧል። ሸሚዝ ሰፊዋ ግን ማኅበር እንኳ የላት።

ባለሥልጣናት «ባለሀብት ይሸሻል» ማለት ይወዳሉ። በ2011 የፓርኩ ሠራተኞች ሥራ ሲያቆሙ የመነሻ ደመወዛቸው 750 ብር አካባቢ ነበር። ፒቪኤች የተባለው ትልቅ የልብስ ኩባንያ የሸሸው ግን ያኔ አይደለም፤ በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ሲፋፋም ነው። ከሳምንታት በኋላ አሜሪካ አጎዋ ከተባለው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ያስወጣችንም በዚያው ጦርነት በተፈጸሙ የመብት ጥሰቶች ሳቢያ ነው። በሁለቱም የሰፊዎቹ እጅ የለበትም።

አዋጁ ሁለቱን ወገን የሚያግባባ አስማሚ እንዲመደብ ይደነግጋል። ከጸጥታ ሰዎቹ በፊት መድረስ የነበረበት እሱ ነው። ይህን ለተከራዬ ስነግራት በጥሞና አዳመጠችኝና «ስልኩ አለዎት ጋሼ?» አለች። የለኝም። የሚመለከተው ቢሮ በጋዜጣችሁ ያሳውቀን።

አከራዩ፣ ከሐዋሳ