ይድረስ ለአባባ፣ ጎንደር

አዲስ አበባ
ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? የእማዬ ጉልበትስ ብርዱ ሲገባ አልባሰባትም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ታላቋ ስድስተኛ ክፍል ገብታለች፤ ዘንድሮ ፈተና ስላለባት ማታ ማታ ሒሳብ እናጠናለን። ትንሹ ሁለት የፊት ጥርሱ ወልቋል፤ ባለፈው በስልክ ሲያወራዎት ቃሉ አልሰማ ያለዎት በዚህ ነው እንጂ ጆሮዎ ደህና ነው። አጎቱ የላከለትን የእንጨት መኪና ይዞ ነው የሚተኛው።

የዓይንዎ ቀጠሮ ኅዳር ውስጥ እንደሆነ ሰምቻለሁ። እባክዎ እንዳይቀሩ። ሞራው ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚደነዝዘው ዓይን ብቻ ነው፤ አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። የደም ግፊት ክኒንዎን በራስዎ እንዳያቋርጡ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ ይዘው ለሐኪሙ ያሳዩ። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጠብታው በሰዓቱ መግባት አለበት፤ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ከባድ ነገር ማንሳት፣ ዓይን ማሸት፣ ውሃ ዓይን ውስጥ ማስገባት አይቻልም። እርስዎ ደግሞ የተቀመጠ ጀሪካን ካዩ ዝም ብለው አያልፉም። እኔ እመጣለሁ እንዳልል መንገዱን ያውቁታል። ስለዚህ ወስዶ የሚመልስዎትም፣ ጠብታውን የሚያደርግልዎትም ወንድሜ ነው፤ እሱ አንድ ግቢ ውስጥ እያለ ጎረቤት አንለምንም።

ይህን ሁሉ የማስቀድመው ዋናውን ለማዘግየት እንደሆነ ሳይገባዎት አይቀርም።

ወንድሜ የሒሳብ ሥራውን ለቆ አናጢ ልሁን በማለቱ፣ ከፍልሰታ ወዲህ በእርስዎና በእሱ መካከል ሰላምታ ብቻ እንደቀረ እማዬ ነገረችኝ። «ዲግሪ ይዞ በርጩማ ሊጠርብ» ያሉትንም ነግራኛለች። ፍርሃትዎ ይገባኛል። ከተማው ቀዝቅዟል፣ ቱሪስቱ ጠፍቷል፣ ኑሮው እሳት ሆኗል፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ በየወሩ የሚገባ ደመወዝ ጥሎ መውጣት ማንንም ያስፈራል። ግን የእኔ እንጀራ ሰው መቅጠርና የሚለቅን ሰው ማሰናበት ነውና የማውቀውን ልንገርዎት፤ ለዛሬ ልጅነቴን ይተዉትና ነገሩን እንደሚያውቅ ሰው ይስሙኝ።

የሚለቅ ሰው ምክንያቱን ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚለው ደመወዝ ነው። ትንሽ ሲቀመጥ ሌላው ይወጣል። አንዱ የሚሸሸው አለቃውን ነው፤ ሌላው የመሥሪያ ቤቱን ሐሜት ወይም የመንገዱን ርቀት ነው፤ ጥቂቱ ግን ሥራው ራሱ አልሆነውም። እነዚህን ሳይለዩ መወሰን አደገኛ ነው፤ አለቃ ያስመረረው ሰው ሙያውን ጥሎ ቢሄድ አዲሱም ቦታ ላይ አለቃ ይጠብቀዋል። ስለዚህ እኔ የምጠይቀው «ይኸው ሥራ፣ ይኸው ደመወዝ፣ ሌላ ቢሮ ቢሆን ትቆያለህ?» ብዬ ነው። እቆያለሁ ካለ ቢሮ ይቀይር እንጂ ሙያውን አይንካ። ሌላው ምልክት የዓመት ፈቃድ ነው። ሕጉ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል፣ አገልግሎቱ ሲረዝም ይጨምራል። የደከመ ሰው ከፈቃድ ሲመለስ ለጥቂት ሳምንትም ቢሆን ይታደሳል፤ ሥራው ያልሆነው ሰው ግን በተመለሰ ቀን ከምሳ በፊት ዝሏል። ወንድሜን ሁለቱንም ጠይቄዋለሁ። አለቃው መልካም ሰው ነው፤ ሒሳቡም አያስቸግረውም፤ ሌላ ቢሮ ቢሰጠው ግን አይፈልግም። ፈቃዱንም የሚጨርሰው አዘዞ ካለው እንጨት ቤት ውስጥ እየተላላከ እንደሆነ እርስዎም ያውቃሉ።

ሥራ ሲመረጥ ሰው የሚያየው ስሙን ነው፤ የሚኖረው ግን ከጠዋት እስከ ማታ ያለውን ሰዓት ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ቀኑን የሚያሳልፈው ደረሰኝ ሲያያይዝ፣ ሲመዘግብ፣ ወር ሲያልቅ መዝገቡን ከባንክ መግለጫ ጋር ሲያስታርቅ ነው፤ የጎደለች 40 ብር እስክትገኝ አምሽቶ ይፈልጋል። ለዚህ የተፈጠሩ ሰዎች አሉ፤ ብሯ ስትገኝ ፊታቸው ይበራል። ወንድሜም ብሯን ያገኛታል፣ ሲያገኛት ግን ምንም አይሰማውም።

የእንጨት ሥራም ቢሆን ሁልጊዜ የሚያምር አልጋ ማውጣት አይደለም። አብዛኛው ቀን ብርጭቆ ወረቀት ነው። በ80 ቁጥር ተጀምሮ፣ በ120 ተብሎ፣ በ220 ያልቃል፤ አንዱን ደረጃ የዘለለ ሰው ቫርኒሽ ሲቀባ ጭረቱ ሁሉ ወጥቶ ይታየዋል። መሮ መሳል አለ፣ ኮላ እስኪደርቅ መጠበቅ አለ፣ አቧራው አለ፣ «ለነገ» ብሎ የሚጨቀጭቅ ደንበኛ አለ። ለዚህ ነው ምክር ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ሙያው ውስጥ ያለን ሰው «ምኑ ደስ ይልሃል?» ብለህ አትጠይቅ፣ «ምኑ ያስመርርሃል? በየትኛው ወር?» ብለህ ጠይቅ የምለው። መልሱን ሰምቶ «ይህንንስ እችለዋለሁ» የሚል ሰው መንገዱን አግኝቷል። ከዚያ ደግሞ በወሬ ሳይሆን በእጁ ይሞክረው፤ ቅዳሜና እሑድ፣ ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ፣ ምክንያቱም እንጨት በክረምት ሌላ ነው በበጋ ሌላ ነው። ወንድሜ ይህን አድርጓል።

እርስዎ መንገድ ዘጋብኝ የሚሉት ያ የጣውላ ክምር ራሱ ማስረጃ ነው። ዓይንዎ ቢደክምም በእጅዎ ዳስሰው ይዩት። ለምስጡ ብሎ ከመሬት በብሎኬት አንሥቶታል። በየጣውላው መካከል የገቡት ቀጫጭን እንጨቶች ከታች እስከ ላይ አንዱ በአንዱ አናት ላይ በልክ ተቀምጠዋል፤ አንዱ እንኳ ወደ ጎን ቢሸሽ ጣውላው ሲደርቅ ይጎብጣል። ጫፍ ጫፉን ትርፍ ቀለም የቀባው ለማሳመር አይደለም፤ እንጨት እርጥበቱ ፈጥኖ የሚወጣው በጫፉ በኩል ስለሆነ ካልተቀባ ይሰነጠቃል። በላዩ ቆርቆሮ አለ፣ ጎኑ ግን ለነፋስ ክፍት ነው፤ በላስቲክ ቢጠቀለል ይሻግታል። ከመካከሉ አንድ ቁራጭ እያወጣ በእማዬ ሚዛን በየሳምንቱ ይመዝናል፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። በአየር የሚደርቅ እንጨት ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይፈጃል ይባላል፤ እንደ እንጨቱ ዓይነት ያጥራል ይረዝማል። ይህን ለመጠበቅ የማይታገሥ አናጢ ነው በሐምሌ የሸጠው ቁም ሳጥን በየካቲት ተሰንጥቆ የሚመለስበት።

በሩንም ይዩት፤ የጓዳውን ማለቴ ነው። የክፈፉን ማዕዘን በኮላ አያይዞታል፤ መሃል ያለውን ሰሌዳ ግን ኮላ አልነካውም። ክፈፉ ውስጥ በቀደደለት ቦይ ውስጥ በየጎኑ ጥቂት ሚሊ ሜትር መፈናፈኛ ትቶለት ተቀምጧል፤ ምክንያቱም እንጨት በቁመቱ ብዙም አይለወጥም፣ በወርዱ ግን በክረምት ያብጣል በበጋ ይሟሽሻል። ቢጣበቅ ኖሮ ይሰነጠቅ ነበር። ማንም የማያየውን ቦታ እንዲህ የሚጨነቅለት ሰው ሥራው ሆኖታል። እኔ ሰው ስቀጥር የምፈልገው ይህንኑ ነው፣ አባባ፤ ብዙ ጊዜ አላገኘውም።

አሁን ገንዘቡን እንነጋገር፤ እርስዎም ዋናው ጥያቄዎ እሱ ነውና። ወንድሜ ስድስት ዓመት አገልግሏል፤ በሥልጠና ምክንያት የገባው የአገልግሎት ግዴታ የለበትም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አምስት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ሲለቅ የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል፦ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ። የእሱ ሲሰላ የ80 ቀን ደመወዝ ይሆናል። ጡረታውም አይጠፋም። ከደመወዙ 7 በመቶ ሲቆረጥ፣ ድርጅቱም 11 በመቶ ሲጨምርለት የኖረው ስድስት ዓመት ተመዝግቧል፤ አንድ ቀን ወደ ቅጥር ቢመለስ ከዚያ ይቀጥልና ለጡረታ አበል የሚያበቃውን 10 ዓመት ለመሙላት አራት ይቀረዋል። የአገልግሎት ማስረጃውን ሳይቀበል እንዳይወጣ አስጠንቅቄዋለሁ፤ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ረስቶት የሚወጣው ወረቀት ይህ ነው።

ማሽን አሁን አይገዛም። እንጨት የሚልገው ትልቁ ፕላነርና የሚሰነጥቀው ሰርኩላር ስሪ ፌዝ፣ ማለትም ከተራው የቤት መብራት የበረታ መስመር ይፈልጋሉ፣ መብራቱም እንደሚያውቁት ነው። ማሽን ላለው ሰው እየከፈለ ያስልጋል፤ የቀረውን በእጁ ይሠራል። የስድስት ወር የቤት ወጪ ለብቻ አስቀምጧል፤ እንጨት እንዳይገዛበት ደብተሩን ለሚስቱ ሰጥቷል። ይህን ሙያ የሚጥለው የእጅ ጉድለት እምብዛም አይደለም፤ ዱቤ ነው፣ የራስን ሰዓት ዋጋ ውስጥ አለማስገባት ነው። ስለዚህ ቢያንስ የእንጨቱን ዋጋ የሚሸፍን ቀብድ ሳይቀበል አይጀምርም፤ ለዘመድም ቢሆን። ለአጎቴ ለምን ቀብድ ጠየቀ ብለው እንዳይቆጡ። ሒሳብ መማሩም የትም አልወደቀም፤ ወጪውን እስከ ሚስማሩ የሚጽፍ አናጢ ስንት አለ?

ጊዜውንም አስቦበታል። የጥር ሠርግ ከመድረሱ በፊት አልጋና ቁም ሳጥን ይታዘዛል፤ አሁን ካልጀመረ ዓመቱን ያጣዋል። እና አባባ፣ አሁን የምለውን ተቀምጠው ይስሙ፦ የመልቀቂያ ደብዳቤውን መስከረም 27 አስገብቷል። ማስጠንቀቂያው 30 ቀን ነው፤ ጥቅምት 27 ይወጣል። ለእርስዎ መናገር ፈርቶ ነው እንጂ ንቆ አይደለም።

ተቆጥተው ይሆናል። እኔም የተቆጣሁበት ነገር አለ፤ ከተነሣ አይቀር ልናገረው። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ በተሞላበት ጊዜ እኔ አንደኛ ብዬ የጻፍሁት መምህርነት ነበር። እርስዎ በላጲስ አጠፉት። «እኔ የበላሁትን ጠመኔ ልጄ አትበላውም» ብለው ማኔጅመንት አስገቡልኝ። ለእኔ አስበው እንደሆነ አውቃለሁ፤ እንጀራም ሆኖልኛል፣ ልጆችም አሳድጌበታለሁ፣ ስለዚያ አመሰግናለሁ። ግን ያስቀየመኝ የሰጡኝ ሙያ አልነበረም። እርስዎን እያየሁ ነበር የመረጥሁት። ደመወዝ ሲያማርሩ ሰምቻለሁ፣ ዝውውር ሲያማርሩ ሰምቻለሁ፤ ክፍል ሲያማርሩ ግን አንድም ቀን አልሰማሁም። ጉንፋን ይዞዎት እንኳ «ልጆቹ ይጠብቁኛል» ብለው ይወጡ ነበር። የደከመ ተማሪ ክፍልፋይ ሲገባው ማታ ራት ላይ ለእማዬ ያወሩላት ነበር፤ እኔ ያን እሰማ ነበር። በሥራው ደስ የሚለው ሰው ምን እንደሚመስል ያወቅሁት ከእርስዎ ነው፤ እና ያንኑ ከለከሉኝ። እስካሁን ለምን እንደሆነ ጠይቄዎት አላውቅም። አራዳ ላይ ሽበት ያወጡ ሰዎች «የኔታ» እያሉ ጉልበትዎን ሲስሙ ባየሁ ቁጥር ይመጣብኛል።

ይህን የምለው ልወቅስዎት ብቻ አይደለም። ወንድሜን በዚያው ላጲስ እንዳያጠፉት ነው። እርስዎ ጤናዎ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ፣ ነገሩ እስኪበርድ እንጠብቅ ብለን ብንተወው ደግሞ እኔ ማታ ማታ የማስበውን፣ ልጽፈው የማልፈልገውን ነገር እፈራለሁ። ሁለታችሁም ዝም እንዳላችሁ አንዳችሁ እንዳይጎድል እፈራለሁ።

ጥቅምት 27 ሐሙስ ነው፤ ዓመታዊው መድኃኔ ዓለም ነው። እርስዎ መቼም ከቤተ ክርስቲያን አይቀሩም። መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ እሱ ይዞዎት ይሂድ፤ እንዲጠይቅዎት ነግሬዋለሁ፣ ቢጠይቅዎት እምቢ እንዳይሉት። ስትመለሱ ይመርቁት። ሌላ ምንም ማለት የለብዎትም፤ ስለ ሥራውም እንዲጠይቁት አላስቸግርዎትም። ያለ እርስዎ ምርቃት እንደማይጀምር ነግሮኛል፤ ቀብድ የተቀበለበት አንድ አልጋም አለ፣ ደንበኛው ለጥር ይፈልገዋል።

ለዓይንዎ የሚሆን ገንዘብ በእማዬ ስልክ ልኬያለሁ፤ ጠብታው ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ከታጣ ከውጭ ይገዛበት። የግፊት ክኒንዎ ስንት ፍሬ እንደቀረ ቆጥራ ትንገረኝ፤ እዚህ የሚገኝ ከሆነ በሚመጣ ሰው እልካለሁ። ጨው ይቀንሱ፣ አባባ።

ልጅዎ