አንድ ዓይነት ውጤት በሁለት ሰዎች እጅ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ድመት በሰገራዋ የምታስወጣው ጥገኛ ተሕዋሲ ስለሚያመጣው በሽታ፣ ስለ ቶክሶፕላዝሞሲስ፣ በየጊዜው የሚወጡ ጽሑፎችን ስከታተል አንድ ነገር ዘወትር ይጎድልብኛል። አብዛኞቹ ከድመት ጀምረው በድመት ይጨርሳሉ፤ ተሕዋሲው ጤነኛ ሰው ውስጥ ሲገባና የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ውስጥ ሲገባ የሚያደርገው ነገር እጅግ የተለያየ መሆኑ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ በቤተሰባችን የደረሰው ነገር ነው።

ታላቅ ወንድሜ ሁለት ሳምንት ያህል ራሱን ሲያመው ከቆየ በኋላ አንድ ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቃተው። ቀኝ እጁ ቁልፉን ይይዝና ቀዳዳው አጠገብ ሲደርስ ይለቀዋል። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሲያቅተው እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ትኩር ብሎ ተመለከተው። መጀመሪያ የሄድንበት የሕክምና ተቋም ስትሮክ ነው ብሎ መድኃኒት አዝዞ መለሰን፤ ኤችአይቪ ተመርምሮ እንደሆነ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ከዐሥር ቀን በኋላ ንግግሩ ሲደበላለቅና ሰውነቱ ሲንዘፈዘፍ ወደ ሌላ ሆስፒታል ወሰድነው። እዚያም ቫይረሱ በደሙ እንዳለ፣ የሲዲ ፎር መጠኑም፣ ማለትም ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ቁጥር፣ ከ50 በታች እንደወረደ ታወቀ፤ በአንጎሉ ምስል ላይም ጠርዛቸው እንደ ቀለበት የደመቀ እብጠቶች ታዩ። ለቶክሶፕላዝሞሲስ የሚሰጠው ሕክምና በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ቁልፉን ራሱ ቆለፈ።

እኔ ደግሞ ከዓመታት በፊት ነፍሰ ጡር ሳለሁ ስመረመር ሰውነት ይህንኑ ተሕዋሲ ለመዋጋት የሚሠራው ፀረ እንግዳ አካል በደሜ ተገኝቶ ነበር። ውጤቱን የሰጡኝ ባለሙያ በኮሪደር ላይ እንደቆምኩ «ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል» ብለውኝ አለፉ። ሦስት ሌሊት ሳልተኛ አደርኩ። ሌላ ሐኪም ወረቀቱን አይተው የተገኘው አይጂጂ የሚባለው፣ ለዓመታት በደም ውስጥ የሚቆየው ዓይነት ብቻ እንደሆነ፣ በኢንፌክሽን መጀመሪያ ላይ የሚታየው አይጂኤም የሚባለው አለመኖሩም ኢንፌክሽኑ የቆየ መሆኑን እንደሚያመለክት እስኪያስረዱኝ ድረስ ልጄን ያጣሁት ይመስለኝ ነበር። ተሕዋሲው አንድ ነው፤ ወንድሜን ለሞት አፋፍ አድርሶታል፣ እኔን ግን አንድ ቀን እንኳ አላሳመመኝም።

ይህ እንቆቅልሽ አይደለም። ቶክሶፕላዝማ ጎንዲ እ.ኤ.አ. በ1908 በቱኒስ ቻርልስ ኒኮልና ሉዊ ማንሶ ጉንዲ በምትባል አይጥ መሰል እንስሳ ውስጥ ካገኙት ጀምሮ ብዙ የተጠና ጥገኛ ተሕዋሲ ነው። በደንብ ባልበሰለ ሥጋ፣ በተበከለ ውኃና አፈር፣ ባልታጠበ አትክልት ወደ ሰው ይገባል። ጤነኛ ሰው ሲይዘው አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሰማውም፤ አንዳንዱ የአንገቱ ንፍፊት ያብጥበታል፣ ትኩሳትና ድካም ይሰማውና በራሱ ጊዜ ይሻለዋል። ነገር ግን ተሕዋሲው ከሰውነት አይወጣም። በአንጎልና በጡንቻ ውስጥ በጥቃቅን ከረጢቶች ተሸፍኖ ዕድሜ ልክ ይቀመጣል፤ ያሉት መድኃኒቶችም በንቃት የሚባዛውን እንጂ በከረጢቱ ውስጥ ያለውን አያጠፉም። ከረጢቱን ዘግቶ የሚጠብቀው የሰውየው የመከላከል አቅም ነው። ሲዲ ፎር ከ100 በታች ሲወርድ፣ ወይም ሰው ንቅለ ተከላ ተደርጎለት አለያም ለካንሰር ታክሞ መከላከያውን የሚያዳክም መድኃኒት ሲወስድ፣ ለዓመታት የተኛው ተሕዋሲ ሊነቃ ይችላል። ወንድሜ የታመመው በዚያ ሰሞን ተሕዋሲው ይዞት ሳይሆን ጠባቂው ስለደከመበት ነው።

በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው። የመከላከል አቅሟ ደህና የሆነና ከማርገዟ ብዙ ቀደም ብሎ የያዛት ሴት ወደ ጽንሷ የማስተላለፍ ዕድሏ እጅግ አነስተኛ ነው፤ የሚያሰጋው ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግዝናዋ ወቅት ሲይዛት ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚተላለፈው ጥቂት ጊዜ ቢሆንም ጉዳቱ ይከፋል፤ በመጨረሻዎቹ ወራት ግን በብዛት ይተላለፋል፣ ሕፃኑም ጤነኛ መስሎ ተወልዶ ከዓመታት በኋላ ዓይኑን ሊታመም ይችላል። አይጂኤም ለወራት አንዳንዴም ከዓመት በላይ በደም ውስጥ ስለሚቆይ፣ እርሱ ስለተገኘ ብቻ ኢንፌክሽኑ አዲስ ነው ብሎ መወሰን ስህተት ነው። ኢንፌክሽኑ አዲስ ወይስ የቆየ መሆኑን ለመለየት፣ ፀረ እንግዳ አካሉ ተሕዋሲውን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ የሚለካ ተጨማሪ ምርመራ አለ፤ እናቲቱ ስለ ጽንሷ ማንኛውንም ውሳኔ ከመወሰኗ በፊት ይህ ሊነገራት ይገባል።

ጤነኛ ሰው ፈጽሞ አይጎዳም ማለቴ አይደለም። በመከላከል አቅማቸው ደህና የሆኑ ሰዎችም ሬቲና የሚባለው ብርሃን የሚቀበል የዓይናቸው የውስጥ ሽፋን ተቆጥቶ እይታቸው ሊቀንስ ይችላልና፣ ድንገት የደበዘዘ ዓይን ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት።

ስለ ድመት ከተነሣ ደግሞ፣ በሰገራዋ የሚወጣው እንቁላል መሰል ነገር በሽታ ለማስያዝ ከ1 እስከ 5 ቀን ስለሚፈጅበት፣ የምትጸዳዳበት አሸዋ በየቀኑ ቢጠረግና ነፍሰ ጡር ወይም መከላከያው የደከመ ሰው ይህን ሥራ ለሌላ ቢተው ሥጋቱ በእጅጉ ይቀንሳል። ሥጋን በሚገባ ማብሰልና አትክልትን ማጠብ ድመትን ከቤት ከማባረር ይልቅ ይጠቅማል።

ከጋዜጣችሁ የምለምነው፣ በጤና ዓምዳችሁ ስለዚህ በሽታ ስትጽፉ፣ ራሱን የሚያመውና አንድ ጎኑ የሚዝልበት ሰው ኤችአይቪ እንዲመረመር፣ ቫይረሱ በደሙ ያለና ሲዲ ፎሩ የወረደበት ሰውም ይህ በሽታ እንዳይነሣበት ኮትሪሞክሳዞል የተባለውን መድኃኒት ስለመውሰድ ሐኪሙን እንዲጠይቅ አብራችሁ እንድታሳስቡ ነው። ኮትሪሞክሳዞል ርካሽና በስፋት የሚገኝ ክኒን ነው። ወንድሜ ከመታመሙ በፊት ተመርምሮ ቢሆን ኖሮ እርሱንና ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቱን በጊዜ ይጀምር ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ