ከዓይን የሚመጣው ትንሽ ነው

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከረምክ? ጠፋሁ፣ አውቃለሁ። አንተም ጠፍተሃል፤ ስለዚህ ባንወቃቀስ ይሻላል። ልጆቹስ አደጉ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

ሰሞኑን ስለ አንጎል ሳነብ አንተ ትዝ አልከኝ። ክፍል ውስጥ «የምናየው ዓይናችን ያመጣልንን ነው» ብለህ ስንቱን ሞግተሃል! አሁን መልስ አገኘሁልህ።

ከሬቲና (ብርሃን ከሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን) የተነሳው መልእክት ወደ ኮርቴክስ (ወደ አንጎል የላይኛው ሽፋን) ሲሄድ መሃል ላይ ታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ያርፋል። እዚያ አቀባባይ ሕዋሳት አሉ። በድመት አንጎል ሲቆጠር፣ እነሱ ላይ ካረፉት ሲናፕሶች (የነርቭ ሕዋሳት መገናኛ ነጥቦች) ከሬቲና የመጡት ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ናቸው። ከኮርቴክስ ተመልሰው የሚወርዱት ግን ወደ 30 በመቶ ይጠጋሉ! የቀሩት ከአጋች ሕዋሳት (የሌላውን ሕዋስ ሥራ ከሚገቱት) እና ከአንጎል ግንድ ናቸው።

ግን ቶሎ አትሸነፍ። የአንጎል ተመራማሪዎቹ ሸርማንና ጊለሪ በ1998 እ.ኤ.አ. እንዳሉት፣ ወሬውን የሚያመጣው ያው ሬቲና ነው። ኮርቴክስ እንደ ሬዲዮ ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደርጋል እንጂ ጣቢያውን አይቀይርም። ብዛት ሁሉ ሥልጣን አይደለም ማለት ነው።

ኮርቴክስ ሥራውን በሁለት መንገድ ይሠራል። አንዱ ቀጥታ ነው፤ ግሉታሜት በሚባል መልእክት አድራሽ ኬሚካል አቀባባዩን ሕዋስ ያነቃቃዋል። የነቃ ሕዋስ የመጣለትን ሳያዛባ ያስተላልፋል። ሌላው ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ ታላመስን የሸፈኑትን አጋች ሕዋሳት ቀስቅሶ አቀባባዩን ያስተኛዋል። ቆይቶ የተኛ ሕዋስ መልእክት ሲደርሰው በካልሲየም ጉልበት ተከታታይ ምት በአንዴ ይለቃል። ያኔ ዝርዝሩ ይጠፋል፣ «አዲስ ነገር መጣ!» የሚለው ግን ጎልቶ ይሰማል። እኔ በጣም የወደድኩት ይሄን ነው።

የዲኤንኤን ቅርጽ ካገኙት አንዱ ፍራንሲስ ክሪክ እነዚያ አጋቾች ትኩረትን ይመራሉ ብሎ በ1984 እ.ኤ.አ. ገምቶ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ማክአሎናን፣ ካቫናውና ወርትዝ ዝንጀሮዎች ላይ አዩት፦ እንስሳው ልቡን አንድ ቦታ ላይ ሲጥል አጋቾቹ ረገብ ይላሉ፣ አቀባባዮቹ ይበረታሉ። ክሪክ ዝርዝሩን ሁሉ አላገኘውም፣ ቦታው ላይ ግን አልሳተም። ምልክቱ ኮርቴክስ ሳይደርስ ትኩረት ነክቶታል ማለት እኮ ነው!

እነዚሁ ሕዋሳት እንቅልፍ ላይም ጉድ ይሠራሉ፤ እሱን በአካል እነግርሃለሁ። ስልክህ ተቀይሯል መሰለኝ፣ አይነሳም። አዲሱን ላክልኝ፤ ክርክር ካለህም ቶሎ ጻፍ።

ወዳጅህ